ሰባተኛዋ ጉድጓድ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1930

ጻፍ። ዛሬ የጎረቤቴን የሩቅያን የውሃ ጉድጓድ ጠረግኩ። አሥራ ሁለት ክንድ ነው። ጭቃውን በባልዲ አወጣሁ፤ አንድ የሞተ አይጥም ነበረበት። ከሰዓት በኋላ ውሃው ጠራ። ሌላ የለም።

ለምን ያስጽፉኛል ይላል ይሄ ልጅ። ለምን? አባቴ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለም። እኔ የተወለድኩበትንም። ከዚህ እስከ እንጦጦ ግርጌ ካለው የውሃ ጉድጓድ ግማሹን የቆፈርኩት እኔ ደበላ ነኝ፤ ስሜ ግን የትም አልተጻፈም። እሱ ለሚበላው የሚከፍልበት የለውም። እኔ ፊደል የለኝም። እንግዲህ ይጻፍ። ደብተሩም ከተዘጋው ትምህርት ቤቱ ይዞት የወጣው ነው።

ስሙ ስብሐት ይባላል። «ስሜን አይጥቀሱ» አለ። ጻፍ አልኩት። ጻፈ። አስተማሪ ነበር። እኔ የኔታ እለዋለሁ፣ ለማብሸቅ። ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀለም። አምና በየካቲት ጣሊያኖቹ ተማረ የተባለውን ሁሉ ሲለቅሙ፣ አብረውት የሚያስተምሩትን ሁለቱን ከቤታቸው ወሰዷቸው... አልተመለሱም። እሱ አጥር ዘሎ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ እኔ ወጣ። ለምን ወደ እኔ? የትምህርት ቤታቸውን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ ጉለሌ ውስጥ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ይኸው ስምንት ወሩ። ውሻ ሲጮህ ጓሮዬ ካለው ደረቅ ጉድጓድ በገመድ ይወርዳል፣ አፉንም በጭራሮ ይከድናል። ያን ጉድጓድ አሥራ ስምንት ክንድ ቆፍሬው ውሃ እንቢ ብሎኛል። በዕድሜዬ ያፈርኩበት እሱ ብቻ ነው። አሁን ለሰው ሆነ።

«ይሄ ጽሑፍ ቢገኝ ሁለታችንንም ይሰቅሉናል» ይላል። ማሰሮ ውስጥ ይገባል፣ አፉ በሰም ይታሸጋል፣ በገመድ ታስሮ ውሃ ውስጥ ይወርዳል። እኔ ያወረድኩትን ማን ያወጣዋል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ጓዳዬ ውስጥ አምስት ልጆች ያስተምራል። የልጅ ልጄ አበራሽ አለች፣ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ቀድማ ሞታለች። አባቷ፣ ማለቴ ልጄ፣ ማይጨው ዘምቶ ቀረ። የጎረቤቴ የሩቅያ ልጅ ጀላል አለ። ሦስቱ የላይ ሰፈር ልጆች ናቸው። ወደ ጣሊያኑ ትምህርት ቤት ልላካት? እጇን ዘርግታ ለማን ሰላምታ ልትሰጥ? አላደርገውም።

ግን ይጮሃሉ። ፊደል ሲቆጥሩ ጣራው ይነሣል። ዛሬ ሩቅያ መጣች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጨው ቤቱን ብቻዋን የያዘች ሴት ናት። ምላሷ ምላጭ ነው።

«ጋሽ ደበላ፣ ቤትዎ ንብ ገባበት?»

«የምን ንብ?»

«ሱቄ ድረስ ይሰማል። ሀ ሁ ሂ ሃ የሚል ንብ ሰምቼ አላውቅም። ኬላው ደግሞ ከሱቄ ሃምሳ እርምጃ ነው።»

ኬላው ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ጣሊያን ያስታጠቃቸው፣ መልካቸው የእኛ የሆነ ወታደሮች ይጠብቁታል። ከነጩ ይልቅ የምፈራው እነሱን ነው። የምንለው ይገባቸዋላ።

ስብሐትን ዝም አሰኛቸው አልኩት።

«ፊደል በዝምታ አይያዝም፣ አባቴ። በዜማ ነው የሚገባው።»

«እንግዲያው በዜማ እንሞታለን።»

«ምን ላድርግ?»

«አለንጋ አለልህ። ዝምም ይላሉ፣ ይይዛሉም።»

«እርስዎ በአለንጋ ያዙ?»

ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቄስ ጋ ሰደደኝ። «ለ» ፊደል ላይ ስሳሳት እግሬን አስረው ገረፉኝ። በሦስተኛው ቀን ሸሸሁ፣ ዱር አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ፊደል የሚባል ነገር አልፈለግኩም። አልፈለግኩም ነው ያልኩት። አልቻልኩም ብለህ እንዳትጽፍ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ትምህርቱ በሹክሹክታ ሆነ። አበራሽ የትናንቱን ሁሉ ረሳች፣ አለቀሰች። ተናደድኩ... በማን እንደሆነ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ሥራ የለም። ከአበራሽ ጋር ገበጣ ተጫወትን፣ በእንጨቱ። ስድስት ጉድጓድ የእኔ፣ ስድስት የእሷ። እኔን በገበጣ ያሸነፈ ሰው ጉለሌ ውስጥ የለም። አርባ ዓመት። ሰው ይጠየቅ።

ከአንዱ ላነሣ እጄን ስዘረጋ፣ «አባባ፣ ከዚያ ካነሡ መጨረሻዎ በእኔ ባዶ ጉድጓድ ላይ ነው፣ እበላዎታለሁ» አለችኝ። አየሁት። እውነቷን ነው። ጠጠሩን ሳትነካ በሐሳቧ ዙሩን ሄዳ ጨርሳዋለች።

ስብሐት በጓዳው በር ቆሞ ያይ ነበር። አበራሽ ስትወጣ መጥቶ ተቀመጠ።

«ይቺ ልጅ አሥራ ሁለት ጉድጓድ በጭንቅላቷ ትይዛለች። ሰባት ፊደል ግን አልያዝ አላት። ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኔ ነው።»

«ጨዋታና ትምህርት አንድ ነው እንዴ?»

«ትምህርት ቤት እያለን እናደርገው ነበር። ቁጥር በኳስ፣ ስም በድብብቆሽ። ልጅ ሲጫወት መፍራቱን ይረሳል። አባቴ፣ ገበጣው ሰባት ቢሆንስ?»

«ገበጣ ስድስት ነው።»

«ፊደል ሰባት ነው።»

«እንግዲያው ፊደል ገበጣ አይደለም።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ጠጠሩን እያገላበጠ ያስብ ነበር... ምን ያስባል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 24

ቆፈርኩለት። ደጄ ላይ፣ ከወይራው ሥር። ሰባት በዚህ፣ ሰባት በዚያ።

እሱ በእጅ ይጫር አለ። ጠዋት ተጭሮ ማታ እንዲደፈን። «እንዳይታይ ነው፣ አባቴ።» በእጅ? እኔ? ዶሮ ነኝ እንዴ? ድጅኖዬን አመጣሁ። አሥራ አራቱንም እኩል አድርጌ ቆፈርኳቸው፣ በእበት ለቀለቅኳቸው። ሲደርቅ እንደ ሸክላ ሆነ። ደበላ የቆፈረው አይደፈንም አልኩት።

ጠጠሩ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው። እሱ እዚህ ሞልቷል።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ልጁ ካንዱ ጉድጓድ ፍሬውን ሁሉ ያነሣል፣ በየጉድጓዱ አንድ አንድ እየጣለ ይዞራል። ሲጥል በሆዱ ይላል፦ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ። ሰባቱ ጉድጓድ ሰባቱ ፊደል ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ የወደቀችበትን ፊደል አመድ ላይ በጣቱ ይጽፋል፣ በእሱ የሚጀምር ቃል ይጣራል። አራተኛዋ ላይ ከወደቀች ባ ናት፤ ባሕር ዛፍ። አምስተኛዋ ላይ ቤ፤ ቤት። ካወቀ ፊት ለፊት ያለውን ይበላል። ካላወቀ ይበላበታል። አመዱ በእፍታ ይጠፋል።

አመዱ ይጠፋል። ጉድጓዱ ግን... እሱ በኋላ ይታያል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ሩቅያ ጨው ይዛ መጣች። «ልጆቹ ዛሬ ገበያ ዋሉ እንዴ? ጎመን፣ ሎሚ፣ ማር፣ ሚዶ እያሉ ይጣራሉ።» አልነገርኳትም። ኋላ ጀላል ነገራት፤ ተቀምጣ አንድ ዙር አየች። «እኔንም አስገቡኝ» ብላ እስኪመሽ አልሄደችም።

ጀላል ሦስት ቀን በአበራሽ ተበልቷል። ዛሬ ጠዋት ሳይጠራ መጥቶ ስብሐትን ለብቻው፣ «የ‹መ›ን ቤት፣ መ ሙ ሚን፣ አስቀድመው ያሳዩኝ፣ እሷ ሳትይዘው» አለው። ስብሐት እስካሁን ይስቃል። ተማሪ መጥቶ ጨምሩልኝ ሲለው የመጀመሪያው ነው አሉ።

አላመንኩም። መጫወት ያውቃሉ፣ ማንበብ ያውቃሉ ማለት ነው? ያላሳየሃቸውን ቃል ጻፍላቸው አልኩት። አመዱ ላይ ሦስት ፊደል ጻፈ። አበራሽ ጎንበስ አለች። በጣቷ አየር ላይ ፍሬ ትጥላለች፣ አንድ፣ ሁለት... «ጉ» አለች። ቆየች። «ለ።» እንደገና ጣለች፣ አምስት። «ሌ። ጉለሌ። አባባ፣ እኛ ሰፈር ነው።»

ተነሥቼ ገመዴን ጠመጠምኩ። መጠምጠም አያስፈልገውም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ወንዙ ማዶ አዲስ ጉድጓድ ጀመርኩ። ሦስተኛው ክንድ ላይ ሳለሁ አፌ ብቻውን ይላል፦ ደ አንደኛዋ ላይ። በ አንደኛዋ ላይ። ላ አራተኛዋ ላይ። አንድ፣ አንድ፣ አራት።

ድጅኖውን አቆምኩ። ስሜ ይሄ ነው? ስልሳ ምናምን ዓመት ይዤው የዞርኩት... ሦስት ፍሬ ነው?

ስብሐት መጻፉን ትቶ አየኝ። «ሌሎቹንስ ያውቃሉ?»

ጻፍ እንጂ አትጠይቅ አልኩት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

ውሻው ዘግይቶ ጮኸ። ስብሐት ጉድጓዱ ውስጥ ሳይገባ በፊት የበሩ እንጨት ተንቀሳቀሰ። ጭራሮውን ሲከድን አንድ ዘንግ ተሰበረ። ቀጭ አለ። ሰማው ይሆን?

የገባው የኬላው አለቃ ነው። አማን ይባላል፤ ሙንታዝ ነው፣ የአሥር ወታደር አዛዥ። ከሰሜን የመጣ። ለበቅሎዎቹ ውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ፈልጎ ነው የመጣው። ልጆቹ ከወይራው ሥር ነበሩ። ጀላል አመዱን እፍ አለ። ጎበዝ።

ሙንታዙ ስለ ውሃ ማውራቱን ትቶ ገበጣው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ትጫወታለህ፣ ሽማግሌ?»

«ጉለሌ ውስጥ አሸንፎኝ የሚያውቅ የለም።»

ምላሴን ምነው በቆረጠው።

ጣቱን ዘረጋ። ቆጠረ። አንደኛውን ረድፍ፣ ከዚያ ሁለተኛውን።

«ሰባት?»

«ሰባት።»

«በእኛ አገር ስድስት ነው። እዚህም ያየሁት ሁሉ ስድስት ነው።»

«ይሄ የአባቴ ጨዋታ ነው።»

የአንዷን ጉድጓድ ከንፈር በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ደግሞ እንዴት ነው የተቆፈረው። ለልጅ ጨዋታ በብረት ይቆፈራል?» ጣቱን አመዱ ላይ አሳረፈ፣ አየው፣ ሱሪው ላይ ጠረገው። «እሑድ እመጣለሁ። ሰባቱን ታስተምረኛለህ።»

ሄደ። ስለ በቅሎዎቹ ውሃ መልስ አልጠበቀም። ልጆቹን ወደየቤታቸው ሰደድኩ። የበሩን እንጨት ሁለት ጊዜ መልሼ ቀረቀርኩ። ይሄንንም ጻፈው፣ ግድ የለም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15

ስብሐት «በእጅ ይጫር ብዬ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ልድፈነው? ቆጥሮታል። የተደፈነ ካየ በቃ፣ አለቀ። ይውጣ? በኬላው ነው የሚወጣው። በላይ በጫካው? ከሰኞ ጀምሮ እዚያም ጥበቃ አለ አሉ። የቀረው አንድ ነው። ሰባት ጉድጓድ ያለው እውነተኛ ጨዋታ መሥራት። እኔ የምሠራው።

ሠራሁት። ስድስቱ የመብል ናቸው። ሰባተኛዋ ጎተራ ናት፤ የመጨረሻ ፍሬው ጎተራው ላይ የወደቀለት ደግሞ ይጫወታል። ቀኑን ሙሉ ከአበራሽና ከጀላል ጋር ተጫወትነው። ፊደል የለም፣ ቃል የለም። ከንፈራችሁ እንዳይንቀሳቀስ አልኳቸው። ጀላል ከንፈሩን በጥርሱ ይዞ ይጫወታል።

ስብሐት አልበላም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 17

ከቅዳሴ መልስ መጣ፣ ሁለት ወታደሮች ይዞ። ጎረቤቱም በአጥሩ ላይ ተደረደረ። ስብሐት ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ከወይራው ሃያ እርምጃ። ይሄን የምናገረውን ግማሹን እሱም ሰምቷል።

ሕጉን ነገርኩት። አንዴ ነው የነገርኩት፣ ያዘው። ጥሩ ተጫዋች ነው። እውነት እውነት ነው። መጀመሪያ በላኝ፣ ከዚያ እኔ ደጋግሜ በላሁት። አንደኛው ወታደር ሳቀ። ሁለተኛው በቋንቋቸው አንድ ነገር አለ። የሙንታዙ አንገት ደም ለበሰ። ጠመንጃውን ከግራ ጉልበቱ ወደ ቀኝ አዞረ።

መሀል ላይ አየሁት። ከሦስተኛዋ ባነሣ ዙሬ የሚያልቀው ባዶ ጉድጓዴ ላይ ነው፤ ፊት ለፊቱ የሞላው የእሱ ነው። ሁሉን እበላና ያልቃል። እጄ ሄደ።

ቆመ።

ወታደሮቹ ፊት ባሸንፈው ንዴቱ የት ያርፋል? ይሄ ግቢ ላይ። ቤቱን አገላብጡ ይላል። ሃያ እርምጃ...

ከአምስተኛዋ አነሣሁ። በላኝ። ደግሞ በላኝ። አለቀ። አጥሩ ላይ አንዱ፣ «ደበላ አረጀ በቃ» አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ። የቆፈርኩለትን ውሃ ነው የሚጠጣው።

ወታደሮቹ ወደ በሩ ሲሄዱ ሙንታዙ ፍሬውን ለመልቀም መስሎ ጎንበስ አለ።

«ለምን ከሦስተኛዋ አላነሡም፣ አባት?»

አንቱ አለኝ።

«አላየሁትም።»

«አይተውታል። እጅዎ ሄዶ ነው የተመለሰው። የሚደብቀው የሌለው ሰው አውቆ አይሸነፍም።» ወደ ልጆቹ ሳያይ ቀጠለ። «ልጆቹም ፍሬ በወደቀ ቁጥር ከንፈራቸው ይሄዳል። እኔም ልጅ ሆኜ ፊደል ቆጥሬአለሁ። እሱም ሰባት ነው።»

ምን ልበል? አብሬው ፍሬ ለቀምኩ።

«ሐሙስ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቤት ለቤት ይፈትሻሉ። አስተርጓሚያቸው ገበጣ ያውቃል። ሰባተኛዋን ይድፈኗት።»

ተነሣ፣ ጮክ ብሎ፣ «ሽማግሌው ዝናው ብቻ ነው የቀረው» አለ። ወታደሮቹ ሳቁ። ሄዱ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 18

ወጥመድ ነው? ሩቅያ፣ «ሊይዘው ቢፈልግ ትናንት ይይዘው አልነበር?» ትላለች። ስብሐት፣ «የት እንደምገባ ሊከተለኝ ፈልጎ ቢሆንስ?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ አይጠብቅም።

ሩቅያ ረቡዕ ሁለት አህያ ጨው ጭና ሱሉልታ ገበያ ትወርዳለች። አህያ ነጂዋ ሆኖ አብሯት ይሂድ ተባለ። በቀን፣ በኬላው፣ በሙንታዙ ፊት። ሌላ መንገድ የለም። ከዚያ ወዲያ ዱር ካሉት አርበኞች የሚቀበሉት ሰዎች አሉ።

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት። ዘረጋ። የብዕር እጅ፣ ለስላሳ። ይሄ አህያ ነድቶ ያውቃል? ባልዲውን በድንጋይ ሞላሁና ገመዱን አስያዝኩት። አውርድ፣ ሳብ። አውርድ፣ ሳብ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት። መዳፉ አበጠ፣ ፈነዳ። አላማረረም። አበራሽ ግን ሸሸች፣ ማየት አልቻለችም።

ይሄን ሲጽፍ ደም ወረቀቱን ነካው። ተወው አልኩት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ዛሬ ደፈንኩ። ከሁለቱም ረድፍ ሰባተኛዋን። አፈር ሞላሁ፣ በእግሬ ጠቀጠቅኩ፣ አዲስነቱ እንዳይታወቅ በእበት ለቀለቅኩ፣ አመድና ቅጠል በተንኩበት። አርባ ዓመት ስቆፍር የቆፈርኩትን ደፍኜ አላውቅም። እንደዚህም ይደፈናል ለካ።

ስብሐት ልጆቹን ተሰናበተ፣ መሰናበት መሆኑን ሳይነግራቸው። «እኔ ብመጣም ብቀርም፣ አንዳችሁ ያላወቀውን ፊደል ሌላው ያሳየው» አላቸው። ጀላል፣ «ከዚያ ትበላኛለቻ» አለው።

ሰባት የባሕር ዛፍ ፍሬ ቆጥሬ ሰጠሁት።

«ስትደርስ ላክልኝ። የጨዋታ ዕቃ ነው፣ ስጦታ አይምሰልህ።»

«ካልደረስኩስ?»

ደርሰህ ላክ አልኩት።

«ከእንግዲህ ማን ይጽፍልዎታል?»

«አበራሽ።»

«እርስዎ ራስዎ ቢጽፉስ?»

አንተ የኔታ፣ ሂድ ጨውህን ጫን አልኩት። የመጨረሻውን መስመር ጻፍና አሽገው። ጨርሻለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22

እኔ አበራሽ ነኝ የምጽፈው። አባባ ፈጥነው ይናገራሉ። ቆይ ስላቸው ይቆጣሉ።

እትዬ ሩቅያ ዛሬ ተመለሱ። እንዲህ አሉ። ኬላው ላይ ሙንታዙ ራሱ ነበር። ጨውን በብረት ወጋ ወጋ አደረገ። ከዚያ አህያ ነጂውን «እጅህን» አለው። ስብሐት ዘረጋ። ሙንታዙ መዳፉን ያዘ፣ ገለበጠ፣ ቁስሉን ብዙ አየ። እትዬ ሩቅያ፣ «አህያዋ ባትደግፈኝ እወድቅ ነበር» አሉ። ሙንታዙም፣ «ሰነፍ ነው የሚመስለው፣ ግን ይሠራል» አለና አሳለፋቸው። ሱሉልታ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች መጡ፣ አብሯቸው ሄደ። ከዚያ ወዲያ አይታወቅም።

ሐሙስ ጣሊያኖቹ መጡ። እኔና ጀላል እንጫወት ነበር። አስተርጓሚው በጫማው ጫፍ ቆጠረ። ስድስት። ስድስት። ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጣሉ። እንስራችንን ሰበሩ። ሙንታዙ በር ላይ ቆሞ ወደ መንገድ ያይ ነበር። አንዱ ጣሊያን አባባን እጅህን ዘርግተህ ሰላምታ ስጥ አላቸው። አባባ አልዘረጉም። በጥፊ መታቸው።

አባባ ይሄን አትጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 3 ቀን

አበራሽ ነኝ። አባባ ወረቀት እንዳያልቅ ብለው ብዙ ቀን አላስጻፉኝም። ዛሬ በሰባቱ ተጫወትን፣ በአመድ። አሸነፍኳቸው። አውቀው አይደለም የተሸነፉት። ሌ አቅቷቸው ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 11

እኔ ደበላ።

ዛሬ የምጽፍ እኔ ነኝ። እጄ ይደክማል። ድጅኖ ይሻላል።

አንዲት እንጨት ለቃሚ ከላይ መጣች። ለሩቅያ ትንሽ ጨርቅ ሰጠች። ፈታሁት። የባሕር ዛፍ ፍሬ። ቆጠርኩ። ስድስት።

ሰባት ነበር የሰጠሁት። አንዷ ጠፋች? አይደለም። እሱ ዕቃ አይጥልም። እዚያም ልጆች አሉ። ሰባተኛዋን ለእነሱ ያዛት።

የኔታ ደረሰ።

ጠዋት ሰባተኛዋን ጫርኩ። በእጄ። ጥፍሬ ውስጥ አፈር ገባ። ስምንት ልጆች መጡ። ለአዲሶቹ «ለ»ን የማሳይ እኔ ነኝ። ተሳሳቱ። ሳቅን። ደገምን።

አሁን ማታ ሊሆን ነው። ደፈንኳት።

ነገ እጭራለሁ።